የእታለም ጉልበት

ሰኞ 3

ሁለቱ ሆቴሎች ባንድ ጊዜ እንግዳ አስገቡና ሥራው አናታችን ላይ ወጣ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ፎጣ በፎጣ። ከሦስቱ ልብስ ተኳሾች አንዷ ወልዳ ቤቷ ናት፣ ሌላዋ ሥራ ለቃለች፣ ካውያው ላይ የቀረችው እህቴ እታለም ብቻ ናት። አለቃችን ሰው እየፈለግኩ ነው ማለት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ። አፈላለጉን ላየው፣ ሰው ከጣሪያ እስኪወርድለት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

የኔ ሥራ መለየት ነው። ነጩን ከባለቀለሙ፣ ሱፉን ከጥጡ እለያለሁ፣ ከዚያ ኪስ እፈትሻለሁ። ኪሱ ሳይፈተሽ ማሽን የሚገባ ልብስ የለም፤ አንድ የረሳሁት እስክሪብቶ ሃያ ሸሚዝ ይጨርሳል። ሰው ኪሱ ውስጥ የማይረሳው የለ፤ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ አንዴማ ጥርስም አግኝቻለሁ፣ ሰው ሠራሽ። ለባለቤቱ እናስቀምጣለን። ወር ሙሉ ጠያቂ ያጣው ግን ለእኛ ነው፣ የቤቱ ደንብ ነው። እስክሪብቶ ለአለቃችን፣ መሐረብ እድፍ ለምታስለቅቀው ለቀጮ፣ ክኒን ለኔ። የብስኩት ቆርቆሮ አለኝ። ነጩን ባንድ ወገን፣ ባለቀለሙን ባንድ ወገን፣ ልክ ልብስ እንደምለየው። ራሱን ያመመው፣ ጉሮሮው የከረከረው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። "ዶክተርዬ" ይሉኛል። ደስ አይለኝም ብል ውሸቴን ነው።

እታለም ከሥራ ስትወጣ ከኋላዋ አየኋት። ታነክሳለች።

ረቡዕ 5

ጉልበቷ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። ቀሚሷን ገልጬ ሳየው ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳት።

"እኔ ስሰለፍ አንሶላውን ማን ሊተኩሰው ነው? አንቺ? አንቺ እኮ ካውያ ስትይዢ እባብ የያዝሽ ነው የምትመስዪው።"

ቀጮ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሆዴ አልሳቀም። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እታለም አሥራ ዘጠኝ። እኔ ደብተር እንድይዝ እሷ ካውያ ያዘች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደረሰችኝ እሷ፣ ያቋረጥኩት እኔ። ቀኑን ሙሉ የምትቆምበት ያ ጉልበት የኔም ጉልበት ነው፣ ሌላ ምን ልበል።

ሐሙስ 6

ቸኩያለሁ። ዛሬ ከአንድ የሱፍ ኮት ኪስ አሥር ፍሬ ክኒን፣ ከነማሸጊያ ስትሪፑ። ሮዝ፣ የሚያምር። ስሙ ያለበት ጫፍ ተቀዶ "ፌን" የምትለው ብቻ ቀርታለች። ወር መጠበቅ ነበረብኝ፣ አልጠበቅኩም። መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩት፣ ሳልሞክር ለሰው አልሰጥም። ሰዓት ሳይሞላ ወገቤ የሌላ ሰው ወገብ ሆነ።

ከዚያ ለእታለም ሰጠኋት። ምንድነው አለችኝ። የጉልበት ነው አልኳት።

አርብ 7

ትራመዳለች! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እብጠቱ ወርዷል። አለቃችን ሳይቀር "እመቤት፣ ዛሬ ጎረመሱ" አላት። እሷም "እህቴ ቆርቆሮ ከፍታ ነው ያጎረመሰችኝ" አለችው። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ድካም አያውቅም።

ማክሰኞ 11

ሮዙ አለቀ። ያለሱ ደግሞ ቆማ መዋል አቃታት። በምሳ ሰዓት ባዶዋን ስትሪፕ ይዤ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ፋርማሲ ሮጥኩ። ልጅቷ ባለመነጽር ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች። አይታ ምን እንደሆነ አወቀችው፤ አይቡፕሮፌን የሚባል ነው። ለማን ነው አለች። ለኔ አልኳት። ግፊት አለብዎት? ጨጓራ? ልብ? በየቀኑ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒትስ?

"የለም። ድንጋይ ነኝ" አልኳት።

ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፏል፣ አንዷ የጎረቤቴ ምራት። የእህቴን ገመና እዚያ አልዘረግፍም። ደግሞ ሙሉ ውሸት አይደለም፣ እኔም ወስጄዋለሁ። እታለም በየቀኑ የምትውጠው የታወቀ ነው፣ አንድ የግፊት፣ አንድ ትንሽ ነጭ አስፕሪን፤ ልቧን ካስቸገራት ወዲህ ጤና ጣቢያ የሰጣት። እነሱ የልብ ናቸው፣ ይኼ የጉልበት። ምን አገናኛቸው?

ልጅቷ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፣ በዛ ቢባል ለጥቂት ቀን ነው፣ ሆድ ካቃጠለዎት ወይም ሰገራ ከጠቆረ አቁመው ይምጡ አለችኝ። እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ማስፈራራት ይወዳል።

የልጆቼ አባት ማታ "ዶክተር፣ ዛሬ ስንት ታካሚ አየሽ?" አለኝ። አንድ፣ ግን ዳነች አልኩት።

ቅዳሜ 15

ሦስተኛ ሆቴል ተጨመረ። አለቃችን ሲነግረን እየሳቀ ነው፣ የሚተኩሰው እሱ ይመስል። እታለም አሁን ቀን ላይም አንድ ትጨምራለች። እኔ አይደለሁም ያልኳት። እርግጥ ቦርሳዋ ውስጥ እንዲሆን ሙሉውን ፓኮ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ በየሰዓቱ እንዳትጠራኝ ብዬ።

ሰኞ 17

እታለም ሆዴን ያቃጥለኛል አለች። ምሳም አልበላችም፣ ጎኗ ላይ እጇን ጭና ነው የምትተኩሰው። ከቆርቆሮዬ የሚታኘኩትን የጨጓራ ክኒኖች ሰጠኋት። አኝካ "ጠመኔ ጠመኔ ይላል" አለች። ተሻላት። ጾሟን እየዋጠች ነው ያቃጠላት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ረቡዕ 19

ቀጮ ልብስ ማድረቂያው ጋ ልብስ ከሚያመላልሰው ሾፌር ጋር ስታወራ ሰማሁ። "ሴትዮዋ የምትተኩሰውን አንሶላ መስላለች" አለችው። እኔን ስታይ ወደ እድፏ ተመለሰች።

እውነት ገርጥታለች እንዴ? በእንፋሎት ውስጥ ማን ቀይ ሆኖ ያውቃል። እኔም መስታወት ባይ ያው ነኝ። ግን ደረጃውን ስትወጣ መሀል ላይ ሁለቴ አረፈች። ከጉልበቷ ነው አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ጉልበቷ እኮ ተሽሏል አልኩ። ደሟ አንሷል ማለት ነው። እርጉዝ ሳለሁ የሰጡኝ ዓይነት የደም መተኪያ፣ ያ ቀዩ፣ ከአንዲት ደንበኛ ቦርሳ የወጣ ነበረኝ። ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ አልኳት። ሳትጠይቀኝ እጇን ዘረጋች።

እጇን ስትዘረጋ እንደ ልጅ ነው። ምንድነው አላለችም። ድሮ እኔ ነበርኩ ለሷ እጄን የምዘረጋው።

ሐሙስ 20

እታለም ሽንት ቤት ስትወጣ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው አለችኝ፣ አፍራ፣ ጆሮዬ ላይ። ልቤ ስንጥቅ አለ። በኋላ ሳስበው ቀዩ ክኒን እኮ ያጠቁራል! እኔንም ያኔ አጥቁሮኝ ነበር። ተንፈስ አልኩ። ለሷም ነገርኳት፣ እሷም ተንፈስ አለች።

የጀመረሽ መቼ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

እሑድ 23

ዛሬ ጠየቅኳት። "እንጃ፣ ከሳምንት በፊት ይሆናል" አለች። ቀዩን የጀመረችው ረቡዕ ነው። ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። የእታለም አቆጣጠር ድሮም አይታመንም፣ የልጇን የልደት ቀን እንኳ ትሳሳታለች።

ልጇ ሚጣ ደወለች። ሠላሳ ዓመት ሞልቷት፣ አስተማሪ ሆናም፣ ለእኛ ሚጣ ናት። አክስቴ፣ እማዬ ድምፅዋ ደክሞብኛል፣ እዪልኝ አለችኝ። እያየኋት ነው አልኩ።

ማክሰኞ 25

እታለም የደንበኛ ሸሚዝ አቃጠለች። በካውያ ኑሮዋ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኔ ላይ ጨለማ መጣ አለች። አለቃችን ጮኸ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፍሮ ወንበር አመጣላት። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ከንፈሯን አየሁት። ከንፈር እንዲህ ነጭ ይሆናል?

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ነገ የሁለቱ ሆቴሎች ርክክብ ነው። ከነገ ወዲያ።

ረቡዕ 26

ወደቀች። አራት ሰዓት ላይ፣ ካውያውን እንደያዘች። ካውያውን ቀጮ ባትነጥቃት ፊቷ ላይ ነበር። ከዚያ አስመለሳት፣ ጥቁር፣ የተፈጨ ነገር የመሰለ። ሾፌሩ በርክክቡ መኪና ሆስፒታል አደረሰን፣ አንሶላ ላይ አስተኝተናት።

አሁን ደም እየሰጧት ነው። ሚጣ ገና መንገድ ላይ ናት።

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚጽፈው። ጨጓራዋ ውስጥ እየደማ ነው አለ። ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለች አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እታለም በዚያ በደከመ ድምፅዋ ቀደመችኝ።

"የጤና ጣቢያውን ብቻ። ሌላ ምንም።"

የማስታገሻ ክኒን የለም? ለወገብ፣ ለጉልበት? "የለም ልጄ።" እኔን እያየች ነበር። ገባኝ። ትንሽ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር ለአባታችን "እኔ ነኝ" የምትለው በዚሁ ዓይኗ ነው።

ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ እርስዎስ የሚያውቁት አለ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ የለም ብዬ። አፌ አልተናገረም።

ሐሙስ 27

ደሙ ቆሟል አሉ። አስፕሪኗን አስቁመዋል። ነገ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሆዷን ያዩታል። ትንሽ ፊቷ ላይ ነፍስ ዘርቷል። ታዲያ አሁን ብናገር ምን ይጨምራል? ቆሟል እኮ። ሚጣ ስትሰማ ምን ትለኛለች? አለቃችን ከሰማ ደግሞ ከሥራ ይሸኘኛል። ማታ ለሐኪሙ ብቻውን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፣ ማታ ሌላ ሐኪም ሆነ። የማያውቀኝን ሰው ከየት ጀምሬ ምን እለዋለሁ።

ከሰዓት ሚጣ ሻይ ልትጠጣ ወረደች። እታለም ጉልበቴ አላስተኛኝ አለ፣ ቦርሳዬን አቀብዪኝ አለችኝ። ኮመዲኖው ላይ ነበር። አቀበልኳት። መሐረብ ልትፈልግ ይሆናል። ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሰውዬ ጎማ ይቀይራል። ስዞር ውሃ እየተጎነጨች ነው።

ቦርሳ ነው ያቀበልኩት።

አርብ 28

ሊነጋ ሲል እንደገና ደማች። ከመጀመሪያው የባሰ። ሚጣ ደውላ "አክስቴ ነይ" አለችኝ። ስደርስ አልጋውን እየገፉ ካሜራው ያለበት ክፍል ሊያስገቧት ነው። ሐኪሙ፣ ያው የመጀመሪያው፣ ለነርሷ ደሙ ለምን እንደተመለሰ አልገባኝም ሲል ሰማሁት።

እጅጌውን ያዝኩት። የሐኪም እጅጌ ይያዛል? ያዝኩት።

"እኔ አውቃለሁ" አልኩት። ነገርኩት። ሮዙን፣ በቀን ሁለት፣ ኋላ ሦስት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፤ የሚታኘኩትን፣ ቀዩን፤ የጠቆረውን፣ መቼ እንደጀመራት፤ ቦርሳውን። ሚጣ አጠገቤ ቆማለች። አንድም ነገር አላስቀረሁም። እያወራሁ ድምፄ የሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ስሙን ጠየቀኝ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አላውቅም፤ ሚጣ ቦርሳውን ገልብጣ ፓኮውን ሰጠችው። የመጨረሻዋን መቼ ዋጠች አለኝ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ግድም አልኩት። ጻፈና "ይኼ ክኒን በአስፕሪን ላይ ሲደረብ ጨጓራ ያቆስላል። ረቡዕ ዕለት ባውቀው ኖሮ ጥሩ ነበር" አለ። ያን ብሎ ሮጠ።

ሚጣ ፓኮው የነበረበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።  ወንበሩን ትታልኝ ሄዳ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆመች።

ቅዳሜ 29

ቁስሉን አግኝተው ከውስጥ ዘጉት። ሌላ አራት ከረጢት ደም ገባላት። እስከ ነገ ከቆየች ተስፋ አለ አሉ። የማን ደም እንደሆነ አላውቅም፤ የማያውቃት ሰው ደሙን ሰጣት፣ እሷው ያሳደገቻት እህቷ ደግሞ አፈሰሰችባት። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

የልጆቼ አባት ዛሬ ዶክተር አላለኝም። እግሬን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈልኝ።

ሰኞ 1

ተረፈች። ዓይኗን ገልጣ "ርክክቡ እንዴት ሆነ?" አለች። ነርሷ ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ሚጣ አሁንም የምታናግረኝ በሦስተኛ ሰው ነው። "ውሃ ለእማዬ ይምጣ" ትላለች፣ ማን እንደሚያመጣ ሳትናገር። አመጣለሁ።

ሐሙስ 4

ሥራ ገባሁ። ለአለቃችን እኔው ራሴ ነገርኩት፣ ከሌላ ከሚሰማ።  እሱም ራስ ምታት ሲይዘው ከኔ ሁለቴ መዋጡን አስታወሰና ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔን ምን ነበር ያዋጥሽኝ?" አለኝ። ነጩን አልኩት። "ነጩን ምን?" አለኝ። 

ቆርቆሮውን ብብቴ ሥር አድርጌ ባለመነጽሯ ጋ ሄድኩ። የዋሸኋትም ያልነገርኳትም ሁሉ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ በጓንት ለየቻቸው። ከነጮቹ ውስጥ ሦስቱ የስኳር በሽታ መድኃኒት ናቸው አለች፤ ጤነኛ ሰው ቢውጣቸው ስኳሩን አውርደው ሊጥሉት ይችላሉ። ሁለቱ ጊዜያቸው አልፏል። አሥራ አንዱን እሷም ምን እንደሆኑ አላወቀቻቸውም። ተምራ ያላወቀችውን እኔ በቀለሙ አውቄው ነበር።

"ያን ቀን ለማን እንደሆነ ቢነግሩኝ አልሸጥልዎትም ነበር" አለችኝ። "ለጉልበቷ የሚሆን ሌላ ነገር እንፈልግ ነበር።" በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እሷም ያን ቀን መሸጧን እያሰበች ትመስላለች። የሚጣለውን እነሱ በአግባቡ ያስወግዱታል፣ ከእንግዲህ ከኪስ የሚወጣ ክኒን በሳምንት አንዴ እዚያ እንዲሄድ ተስማማን። አለቃችን ግድግዳው ላይ ጻፈው። ቀጮ አንብባ መሐረቡስ አለች። ማንም አልሳቀላትም።

እሑድ 7

እታለም ቤት ገባች፣ ሚጣ ዕረፍት ወስዳ አብራት ናት። ካውያ ለወራት የለም፣ ምናልባትም ጭራሽ። ጉልበቷን ደግሞ በትክክል አዩት፤ መገጣጠሚያው አልቋል፣ መቆም መቀነስ አለበት፣ እንቅስቃሴ አሳይተዋታል። ለሕመሙ ሐኪሙ ራሱ የመረጠላት ሌላ ማስታገሻ አለ፣ በልኩ፣ በሰዓቱ። እንዲህ ቀላል ነበር ማለት ነው? አንድ ቀን ተሰልፎ?

ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ሚጣ በሩን ከፈተችና ሳህኑን ተቀበለችኝ። ግቢ አላለችኝም፣ በሩንም አልዘጋችውም። ገባሁ።

ማክሰኞ 9

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በዚያው ሄድኩ። ሚጣ መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ በሰዓታቸው ደርድራለች፣ እኔ እንዳልነካቸው ዓይኗ እነሱ ላይ ነው። አልነካሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እታለም ከአዲሱ የጨጓራ መድኃኒት ፓኮ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ እሷ ደግሞ ትልቁንም በግድ ነው የምታነበው። ወደኔ ዘረጋችው። "አንብቢልኝ" አለች። ሚጣ እኔ አነባለሁ እማዬ አለች። እታለም ወረቀቱን ወደሷ አላዞረችውም።

አነበብኩ። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚለው ጋ ስደርስ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ይህን ምልክት ካዩ ወዲያውኑ ለሐኪም ይንገሩ የሚለውንም። ረጅም ነው። 

ገጹን ላገላብጥ ስል እጇን እጄ ላይ ጫነች።

"ያ ሮዙም እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረው?"

የኮቱ አልነበረውም። ከፋርማሲ የገዛሁት ግን ነበረው። ፓኮው ቦርሳዋ ውስጥ አልዘጋ ሲል አውጥቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለሐኪሙም አልነገርኩትም ነበር፣ እስከዛሬ እዚህም አልጻፍኩትም።

"ነበረው" አልኩ። "ሳላነበው ጣልኩት።"

ሚጣ ከጠረጴዛው ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኔን።  እታለም ብዙ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እጇን ከእጄ ላይ አነሳችና ትራሷን አስተካክላ ተደገፈች።

"በይ ቀጥዪ" አለች። "ከላይ ጀምሪው፣ እንደገና። ቀስ ብለሽ።"